ሮም ለአዲስ ሰው፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ሮም ከገባሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። እሁድ እሁድ አዲስ የመጡ ልጆችን ይዤ ከተማውን አዞራለሁ። "ጥያቄ ያለው ያምጣ" ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈልኝ። የቻልኩትን እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ ከመጣሁ ገና ሁለት ሳምንቴ ነው። እረፍቴ አንድ ቀን ብቻ ነው። ከየት ልጀምር?

ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጀምሪ። ኮሎሲየም የሚል መልስ ጠብቀሽ ይሆናል፤ እሱም ይደርሳል። ግን ከጣቢያው ስትወጪ የምትረግጪው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኴቼንቶ ይባላል። "የአምስት መቶዎቹ አደባባይ" ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ እነማን መሰሉሽ? በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት የጣሊያን ጦር ነው። በየቀኑ ስንቱ ያገራችን ልጅ አውቶቡስ የሚጠብቅበት ቦታ የአሉላን ጦርነት የሚያስታውስ ነው።

ከዚያ ትንሽ ራመድ በይ። ቪያ ዴሌ ቴርሜ ዲ ዲዮክሌዚያኖ በሚባለው መንገድ ዳር ለእነዚሁ ወታደሮች የቆመ መታሰቢያ ታያለሽ። ላዩ ላይ ያለው ረጅም ድንጋይ ከግብፅ የመጣ የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት ነው። ፋሺስቶች አዲስ አበባን ሲይዙ የይሁዳ አንበሳን ሐውልት ከለገሃር ነቅለው አምጥተው እዚሁ መታሰቢያ ሥር አቁመውት ነበር። ዘርዓይ ደረስ በ1937 ሰይፉን የመዘዘው እዚያ ነው። አንበሳው ዛሬ አገሩ ገብቶ ለገሃር ቆሟል። እዚህ ግን ሰው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ያልፋል። አንቺ አምስት ደቂቃ ቁሚ። ከዚያ በቪያ ካቩር ቁልቁል በእግርሽ ውረጂ፤ ኮሎሲየም ሰፈር ያደርስሻል።

የኮሎሲየም ግድግዳ ለምንድን ነው የተበሳሳው? ጥይት ነው?

ብዙ ሰው እንዲያ ይመስለዋል። ጥይት አይደለም። ትልልቆቹን ድንጋዮች እርስ በርስ የያዛቸው ጭቃም ኖራም ሳይሆን የብረት ማያያዣ ነበር። በመካከለኛው ዘመን ብረት ሲወደድ ሰዎች ድንጋዩን እየፈለፈሉ አወጡት። ቀዳዳው የዚያ ምልክት ነው። በ1349 ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ መጣና የደቡቡን ጎን ጣለው። የወደቀው ድንጋይ ተጭኖ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ተሠራበት። ስለዚህ የኮሎሲየም ግማሹ ከተማው ውስጥ ተበትኖ ነው ያለው ብትል አልተሳሳትክም።

ሳትገባ በፊት አንድ ነገር አድርግ። ረጅሙ ግድግዳ ባልፈረሰበት በኩል ሄደህ ከታች ካሉት ቅስቶች በላይ ቀና ብለህ እይ። የሮማውያን ቁጥር ተቀርጿል። 80 በር ነበረው፤ ተመልካቹ እንደ ዛሬው ስታዲየም የበሩን ቁጥር አይቶ ነበር የሚገባው። ሃምሳ ሺህ ያህል ሰው ይይዝ ነበር ይባላል። ንጉሠ ነገሥት ቬስፓሲያን ጀመረው፣ ልጁ ቲቶ በ80 ዓ.ም. መረቀው። የተሠራበት ቦታ ኔሮ ለራሱ ያስቆፈረው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነበር። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ይሄ ነው፦ የንጉሡን መዝናኛ ሐይቅ አድርቀው ለሕዝብ መሰብሰቢያ አደረጉት። የታየበት ነገር ግን ሰው ከሰው፣ ሰው ካውሬ የሚጋደልበት ነበር፤ ይሄንንም አትርሳ።

ኪሴ ባዶ ነው። በነጻ ምን አለ?

ብዙ አለ። የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን መግቢያ አይከፈልበትም፤ ሰልፉን ፈርተህ እንዳትቀር፣ በጠዋት ሂድ። የወሩ የመጀመሪያ እሁድ ደግሞ ኮሎሲየምን ጨምሮ የመንግሥት ሙዚየሞችና ቅርሶች በነጻ ይገባባቸዋል። ውኃ አትግዛ። በየመንገዱ ናሶኔ የሚባል የብረት ቧንቧ አለ፣ ቀንና ሌሊት ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ይፈስሳል። ጎንበስ ብለህ አትሰቃይ። አፉን በጣትህ ድፈነው፤ ከላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ውኃው ሽቅብ ይወጣልሃል።

ፓንቴዎን የሚባለው የጥንት ቤተ መቅደስ ጣሪያው ክፍት ነው አሉኝ። ዝናብ አይገባም?

ይገባል እንጂ! ዘጠኝ ሜትር የሚጠጋ ክብ ቀዳዳ ነው፣ መስታወት የለውም። ወለሉን ልብ ብለሽ እዪው፤ መሐሉ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው፣ ውኃው የሚወርድባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎችም አሉት። ዝናብ ሲጥል ብትደርሺ እድለኛ ነሽ። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ የብርሃኑ ክብ ቀስ እያለ ግድግዳው ላይ ይሄዳል።

ጉልላቱ ስፋቱ 43 ሜትር ከምናምን ነው፤ ከወለሉ እስከ ጫፉ ያለው ከፍታም ያው ነው። ውስጡ አንድ ትልቅ ኳስ በልኩ ይገባበታል ማለት ነው። ብረት የሌለው ኮንክሪት ነው። ታች ከባድ ድንጋይ ቀላቅለው፣ ወደ ላይ ሲሄዱ እያቀለሉ፣ ጫፉ ላይ ስፖንጅ የመሰለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጨመሩበት። ደጁ ላይ "አግሪጳ ሠራው" ተብሎ ተጽፏል። እሱ የሠራው ግን ተቃጥሎ ዛሬ የምናየውን ያሠራው ንጉሠ ነገሥት ሀድሪያን ነው፤ የራሱን ስም ሳይጽፍ የቀደመውን ሰው ስም አቆየለት። በ609 ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ያልፈረሰውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። መግቢያው ይከፈልበታል፣ ግን አይቆጭሽም።

ውስጥ ሁለት ነገሥታት ተቀብረዋል። አንደኛው ቀዳማዊ ኡምቤርቶ ነው። የውጫሌ ውል የተዋዋለውም፣ በአድዋ የተሸነፈውም መንግሥት ንጉሡ እሱ ነበር። ቱሪስቱ ለሠዓሊው ራፋኤል መቃብር ሲሰለፍ እኔ እዚህኛው ፊት እቆማለሁ።

የአክሱም ሐውልት የነበረበትን ቦታ ማየት ይቻላል?

ይቻላል፣ ቀላል ነው። ከኮሎሲየም በሜትሮ (በምድር ውስጥ ባቡር) ቢ መስመር አንድ ፌርማታ፣ ቺርኮ ማሲሞ ውረድ። ስትወጣ ትልቁ ነጭ ሕንጻ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ነው። ሕንጻው መጀመሪያ የታሰበው ለፋሺስቱ የአፍሪካ ሚኒስቴር ነበር። ሐውልታችንን በ1937 አምጥተው ፊቱ ላይ የተከሉት ለዚያ ነው፦ ቅኝ ግዛት የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ እንዲታይ።

በ1947ቱ የሰላም ውል ጣሊያን የወሰደችውን ልትመልስ ፈርማ ነበር። ሐውልቱ ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ እዚያው ቆመ። በ2003 ተፈታ፣ በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም ገባ፣ በ2008 ተተከለ። አሁን አደባባዩ ላይ መኪና ይርመሰመሳል። እኔ ያኔ ቆሞ ሳለ አይቼዋለሁ። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ ቦታውን ይፈልጋል። ሐውልታችን እዚያ አለመኖሩ ደስ ይለኛል።

እናቴ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። ቫቲካንን እንዴት ላሳያት?

እንኳን ደስ አለህ። ትከሻና ጉልበት የሚያሳይ ልብስ አይፈቀድም፤ እናትህ ነጠላቸውን ከለበሱ ችግር የለም፣ አንተ ቁምጣ እንዳታደርግ። አደባባዩ ላይ በርኒኒ ያሠራቸው 284 ምሰሶዎች በአራት ረድፍ ቆመዋል። ከፏፏቴዎቹ አጠገብ መሬት ላይ ክብ ድንጋይ ፈልግና እናትህን እዚያ ላይ አቁማቸው። አራቱ ረድፍ አንድ ይሆናል። "ይገርማል!" ማለታቸው አይቀርም።

ከዚያ ይሄን ንገራቸው። ከትልቁ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው መቶ ዘመን ለኛ መነኮሳት የተሰጠ ነው። ኢየሩሳሌም ደርሰው ከዚያ ወዲህ የተሻገሩ መነኮሳት እዚያ ያርፉ ነበር። በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በ1513 እዚሁ ሮም ነው የታተመው። አሳታሚው ጀርመናዊ ፖትከን ግዕዝ የተማረው ከነሱው ነው። አባ ተስፋ ጽዮን ደግሞ በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። የሚያነቡት የዳዊት ፊደል መጀመሪያ ማተሚያ ቤት የገባው እዚህ ከተማ ነው ስትላቸው ፊታቸውን እይ።

ትሬቪ ሳንቲም የሚወረወረው ለምንድን ነው?

ተመልሶ ሮምን ለማየት ነው ይላሉ። ሳንቲሙ ተለቅሞ ለካሪታስ፣ ለድሆች መርጃ ይሄዳል። ፏፏቴው በ1762 ነው ያለቀው፤ ውኃው ግን ያ አግሪጳ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19 ዓመት ያስገባው ነው። ሌሊት ሂዱ፣ ቀን መፈናፈኛ የለም።

የስፓኝ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለን ፎቶ መነሳት ይቻላል?

ቆማችሁ ተነሱ። ከ2019 ጀምሮ መቀመጥ ያስቀጣል።

ይሄን የሚያክል ከተማ ሜትሮው ሦስት መስመር ብቻ የሆነው ለምንድን ነው?

የትም ቢቆፈር ታሪክ ይወጣል። ግድግዳ ወይም ሰፈር በተገኘ ቁጥር ሥራው ይቆማል። ሲ መስመር የሚባለውን ሄደህ እይ፤ ሳን ጆቫኒ ጣቢያ ውስጥ ከመሬት የወጣው ዕቃ ለተሳፋሪው ተደርድሯል። በትኬት ዋጋ ሙዚየም ነው።

የምሠራው ቪያሌ ኤርትራ አጠገብ ነው፤ ቀጥሎ ቪያሌ ሊቢያ አለ። ሰፈሩ ምንድን ነው?

የአፍሪካ ሰፈር ይሉታል። መንገዶቹ የተሰየሙት ጣሊያን በያዘቻቸውና ልትይዛቸው በተመኘቻቸው አገሮች ስም ነው። ቪያሌ ሶማሊያም አለ። ከሥራ ስትወጪ ትንሽ ወዲያ ሂጂ፤ ቪያሌ ኢትዮጵያ የሚል ታርጋ ግድግዳ ላይ ታገኛለሽ። ፎቶ አንሺና ለቤተሰብ ላኪ። ታሪኩንም አብረሽ ጻፊላቸው።