ኮካህን ይዘህ ግባ

ደብዳቤው የመጣው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ላኪው 23 ዓመቱ ነው። በሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቋል። የአሜሪካ አየር ኃይል ለፓይለትነት መርጦታል። በሁለት ወር ውስጥ አላባማ ሄዶ የመኮንንነት ኮርስ ይጀምራል፣ ከዚያ የበረራ ስልጠና ይገባል። ገና አልፈረመም። ቨርጂኒያ ያለ አንድ ድርጅት ደግሞ ጥሩ ደመወዝ ያለው ሥራ አቅርቦለታል።

«መብረሩ አያስፈራኝም» ይላል። «የሚያስፈራኝ ወጋቸው ነው። ዶላር ላይ ስዕል ሥለህ በአስተማሪህ ትቀልዳለህ፣ ውሃ ውስጥ ይከቱሃል፣ መድረክ ላይ አቁመው ይስቁብሃል፣ ባር አለ። እኔ አልጠጣም። ዝምተኛ ነኝ። ታላቅ ሲናገር ዓይኑን እንዳላይ ተደርጌ ነው ያደግኩት። አባቴ የቨርጂኒያውን ሥራ ያዝ ይለኛል፣ የቤቱ ክፍያ ከብዶታል። እናቴ ደግሞ ወንድሟ በደርግ ጊዜ ዘምቶ አልተመለሰም፤ ‹ወታደር› የሚለውን ቃል መስማት አትፈልግም። ልተወው ይሆን?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሳነብ ሻዬ ቀዘቀዘ። አማካሪ ከመሆኔ በፊት ስምንት ዓመት በአንድ የአየር ኃይል ማሰልጠኛ ጣቢያ ሲቪል መካኒክ ነበርኩ። ቲ-38 የሚባለውን የማሰልጠኛ ጄት ነው የምንጠግነው። የምትፈራውን ሁሉ ከሃንጋሩ፣ ከአውሮፕላን መጠገኛው አዳራሽ፣ በር ቆሜ አይቻለሁ። ከበሩ ግን አላለፍኩም።

ዓርብ ከሰዓት የሥራ ባልደረቦቼ ከሃንጋሩ ጀርባ ሥጋ ይጠብሳሉ። እኔ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ከቤት የያዝኩትን ሽሮ እበላለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ! መጾሜን ማስረዳት ከበደኝ፣ ሽታው ይረብሻቸዋል ብዬም ተሳቀቅኩ። ይሉኝታ ነው። በኋላ የፈረቃ ኃላፊነት ቦታ ተከፈተና ከእኔ በሁለት ዓመት የሚያንስ ልጅ ወሰደው። በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። ዘረኝነት ነው አልኩ። አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነው እውነቱን የነገረኝ። «ሥራህን እናውቀዋለን፣ አንተን ግን አናውቅህም» አለኝ።

ስለዚህ «አልጠጣም፣ ስለዚህ አልሄድም» ስትል እኔን መኪና ውስጥ ሽሮዬን ስበላ ነው ያየሁት።

ከመጠጡ እንጀምርና እንገላገለው። አየር ኃይሉ ከበረራ በፊት ባሉት 12 ሰዓታት መጠጥ ይከለክላል። ነገ ጠዋት የሚበር ሰው ዛሬ ማታ የሚይዘው ኮካ ነው። መኮንኖቹ በወግ በሚያዘጋጁት መደበኛ እራት ላይ፣ ደንብ ያጠፋ ሰው ለቅጣት የሚጠጣበት ትልቅ ሳህን እንኳ አልኮል ያለበትና የሌለበት ተብሎ ሁለት ሆኖ ይቀርባል። ማንም ብርጭቆህን አያሸትም። ቀርተህ እንደሆነ ግን ይታወቃል። አስገድዶ ሊያጠጣህ ወይም ሊያዋርድህ የሚሞክር ካለ ያ ወግ አይደለም፣ ደንቡም ይከለክለዋል። እምቢ በል፣ ሪፖርት አድርግ።

አሁን ወደ ዶላሯ። የመጀመሪያው በረራ «የዶላር በረራ» ይባላል። ሰልጣኙ አንዲት የአንድ ዶላር ኖት በቀለም አሳምሮ፣ በስዕል ሞልቶ ለአስተማሪው ይሰጣል። እንደ ታክሲ ሂሳብ ቁጠረው። ስዕሉ ብዙ ጊዜ ተረብ ነው። የአስተማሪውን ራሰ በራነት፣ የሚደጋግማትን ቃል፣ የሚወደውን ቡድን። አስተማሪዎቹ አይጥሏትም፣ ዓመት ሙሉ ያጠራቅማሉ። አንዱ ቢሮ ውስጥ ማሞቂያ ልጠግን ገብቼ ግድግዳው በዶላር ተሸፍኖ አየሁ። መሃል ላይ አንዷ ምንም አልተሣለባትም። ንጹህ ዶላር። «ይቺስ?» አልኩት። «እሱ በጣም ጨዋ ልጅ ነበር» አለና ሳቀ። «ስሙ አሁን ትዝ አይለኝም።»

አንተ ጨዋ ሆነህ አድገሃል፣ ደግ ነው። ግን አጎቶችህ ቡና ላይ ሲቀመጡ እንዴት እንደሚተራረቡ አላየህም? የማይወዱትን ሰው ይተርባሉ? ዶላሯም ያው ናት። ሐሳብ ካጠረህ ልጁ ያለበትን የድሮ አንድ ብር ፈልግና ጎኗ ላይ ለጥፍ፣ ለልጁ የአስተማሪህን መነጽር አድርግለት። «ይህ ምንድነው?» ብሎ ይጠይቅሃል። በቃ፣ ወሬ ተጀመረ።

ውሃውም እንዲሁ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻህን በርረህ ስታርፍ የክፍል ጓደኞችህ ተሸክመው ገንዳ ውስጥ ይወረውሩሃል። አንድ የካቲት ቀን፣ ብርድ ነው፣ አንዱ ከነቱታው ውሃው እየተንጠባጠበ ሃንጋር ድረስ መጣ። «አውሮፕላኗ ጥሩ ናት፣ ማን ነው ያዘጋጃት?» አለ። እኔ ነበርኩ። እርጥብ እጁን ጨበጥኩት። ዛሬም ያ ልጅ ከፊቴ አይጠፋም።

እኔ ብሆን በእውነት የምፈራው ግብዣውን ሳይሆን ጠዋቱን ነው። ጠዋት ሰልጣኞች ክፍል ይሰበሰባሉ። አስተማሪው አንድ አደጋ ይፈጥራል፤ «ተነስተሃል፣ የሞተር እሳት መብራት በራ» ይልና አንድ ስም ይጠራል። የተጠራው ብድግ ብሎ በሁሉም ፊት ምን እንደሚያደርግ ይናገራል። አውሮፕላኑን መቆጣጠር፣ ችግሩን መመርመር፣ ተገቢውን እርምጃ መውሰድ፣ ሁኔታው ሲፈቅድ ማረፍ። ቃል በቃል የሚሸመደዱ እርምጃዎች አሉ። ከተደናገርክ «ተቀመጥ» ትባላለህ፣ ሌላው ይነሳል። ቅኔ ቤት የተማረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ተማሪው ቆጥሮ ያደረውን ቅኔ ለየኔታ ሲነግር እዚያው ጓደኞቹ ፊት ይታረማል። የየኔታ እርማት ስድብ አይደለም። የአስተማሪህም አይደለም። ስለዚህ ዓይኑን እያየህ መናገርን ከዛሬ ጀምረህ ተለማመድ። አባትህ ላይ ጀምር፣ የሚነገረውም አለ፤ እመለስበታለሁ።

መድረኩ የምደባ ምሽት ነው። የምታበረው አውሮፕላን የሚገለጥልህ በዚያች ማታ ነው። አገር ቤት ሐኪሞች ዕጣ አውጥተው ይመደቡበት የነበረውን ቀን ሰምተህ እንደሆነ፣ ያው ጭንቀት ነው፣ ሙዚቃና ሳቅ ተጨምሮበት። ቅጽል ስም ደግሞ በኋላ ተዋጊ ስኳድሮን (የተዋጊ አውሮፕላን ክፍል) ከደረስክ የሚመጣ ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ እንደተባሉት ፈረሰኛው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ የእነዚህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሠራኸው ስህተት ነው የሚወጣው። የእኛ ሰው ስም በእነሱ አፍ ስለማይመች ምናልባት ይቀልህ ይሆናል።

አንድ ምክር ልጨምር። የስኳድሮኑን መክሰስ ቤት የሚያስተዳድረው ብዙ ጊዜ ጀማሪ ምክትል የመቶ አለቃ ነው። ማንም የማይወደው ሥራ ነው። አንተ ጠይቀህ ውሰደው። ዳቦ ቆሎ አስገባበት። በወር ውስጥ ሁሉም ስምህን ያውቃል።

ስለ ገንዘቡ በአጭሩ። የአባትህ የቤት ዕዳ የአባትህ ነው። በ23 ዓመትህ የሙያ ምርጫህን በእሱ ወርሃዊ ክፍያ ልክ መስፋት የለብህም፤ እሱም ይህን መጠየቅ የለበትም። መርዳት የምትችለውን መጠን ቁርጥ አድርገህ ንገረው። የምክትል መቶ አለቃ ደመወዝ አያስርብም። በሌላ በኩል ክንፍህን፣ ማለትም የአብራሪነት ምልክትህን፣ ካገኘህ በኋላ 10 ዓመት ታገለግላለህ። ብትወድቅም ሌላ ሥራ ላይ ሊመድቡህ ይችላሉ። ይህን እያወቅክ ፈርም። የቨርጂኒያው ሥራ መጥፎ አይደለም፤ ግን ከላክልኝ ዝርዝር እንዳየሁት አውሮፕላኑን የምታየው ስክሪን ላይ ነው። አምስት ዓመት ቆይተህ ሃንጋር ይናፍቅሃል።

እናትህን በክርክር አታሸንፋትም። አትሞክርም። አደጋ አለው፤ ስልጠና ላይም ሰው ይሞታል፣ የለም ብለህ አትዋሻት። ይልቅ ጆን ሮቢንሰን ስለሚባለው የቺካጎ ጥቁር አሜሪካዊ ንገራት። በጣልያን ወረራ ጊዜ ለእኛ በረረ፣ በ1944 እንደ ፈረንጆቹ ተመልሶ አዲስ አበባ ላይ የእኛን ልጆች መብረር አስተማረ፣ እዚያው አረፈ። ወታደር ሲባል ትዝ የሚላት ወንድሟ ብቻ ነው። ይህም ይጨመርላት።

ምረቃው ላይ ደግሞ ጥራት። ክንፉን ደረትህ ላይ የሚያደርግልህ የቤተሰብ ሰው ሊሆን ይችላል፣ እሷ ትሁን። ከዚያ አንድ የቆየ ወግ አለ። የመጀመሪያውን ክንፍ ለሁለት ይሰብሩታል። ግማሹን አብራሪው ይይዛል፣ ግማሹን ለሚወደው ሰው ይሰጣል። በሕይወት እስካለ ድረስ ሁለቱ አይገናኙም፤ የሚገጠሙት ሲሞት ነው። ግማሹን እጇ ላይ አድርግላት። የመጨረሻውን ክፍል ግን እኔ ብሆን አልነግራትም። ሟርት ብላ ወዲያው ትመልስልሃለች።