የምዕራቡ ትምህርተ ቁርባን ከአርስቶትል ተቀዳ? ለተነሣው ጥያቄ መልስ

እህታችን «የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ‹ኅብስቱ በህላዌው ይለወጣል፣ መልኩና ጣዕሙ ግን ይቀራል› የምትለው ከአርስቶትል የተቀዳ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?» ብላ ጠይቃለች።

ቃላቱ አዎ፣ እምነቱ ግን አይደለም። እንዲያውም አርስቶትል ራሱ ትምህርቱን ቢያየው «ይህማ አይሆንም» የሚልበት ቦታ ቢያንስ ሁለት ነው። ከዚህ በታች «ህላዌ» የምለው አንድን ነገር ያ ነገር የሚያሰኘውን ነው፤ «ጠባያት» የምለው ደግሞ በእርሱ ላይ የሚያርፉትን፣ ማለትም ቀለምን፣ ጣዕምን፣ ክብደትን፣ መጠንን። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በ830ዎቹ መጀመሪያ፣ በሰሜን ፈረንሳይ በኮርቢ ገዳም፣ ራድቤርቱስ የሚባል መነኩሴ በመሠዊያው ላይ ያለው ከማርያም የተወለደው ያው ሥጋ ነው ብሎ ጻፈ። የዚያው ገዳም መነኩሴ ራትራምኑስ ደግሞ ሥጋው ያለው በምስጢር ነው እንጂ ለስሜት በሚታይ መልኩ አይደለም ሲል ሌላ መልስ ሰጠ። ሁለቱም የሚደገፉት በጥንቶቹ የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን አባቶች በአውግስጢኖስና በአምብሮስዮስ ነው። አርስቶትል ገና የለም።

የግሪኩ ፍልስፍና በሩን የከፈተው በ11ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ይዞት የገባውም የኅብስቱን መለወጥ የሚቃወመው ወገን ነው። በዚያን ጊዜ ምዕራቡ ከአርስቶትል በእጁ የነበረው የሮማው ፈላስፋ ቦኤቲዩስ ወደ ላቲን የመለሳቸው «ምድቦች»ን የመሰሉ የሎጂክ መጻሕፍት ብቻ ናቸው። በፈረንሳይ የቱር ከተማ መምህር የነበረው ቤሬንጋር በእነዚህ ተነሥቶ እንዲህ አለ፤ ኅብስቱ ሥጋዬ ነው ስንል የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ከጠፋ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ይፈርሳል፤ የኅብስት ቀለምም ያለ ኅብስት ሊቆም አይችልም። በ1059 ሮም ላይ ሥጋው በካህናት እጅ እንደሚቆረስ፣ በምእመናን ጥርስም እንደሚታኘክ አስማሉት። ይህ መሐላ ድፍን ያለ ነበር፤ የኋላ መምህራን እርሱን ለማለዘብ ብዙ ደክመዋል። በ1079 በድጋሚ ሲያስምሉት ግን ጥርስም እጅም የለም፤ «በህላዌው ይለወጣል» የሚል ቃል ገብቷል። የኋለኛው ትምህርት መሠረት የተጣለው በእነዚህ ሁለት መሐላዎች መካከል ባሉት 20 ዓመታት ነው።

ከዚያ በ1215 አራተኛው የላተራን ጉባኤ የህላዌ መለወጥን በውሳኔው ውስጥ አስገባ። ስለ ጠባያት አንድም ቃል አልተናገረም። የሚገርመው በዚያው ዓመት ለፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ደንብ የአርስቶትልን ሜታፊዚክስ (ስለ ህላዌ የሚመረምረውን መጽሐፉን) እና የተፈጥሮ ፍልስፍናውን ማስተማርን ከለከለ። እንግዲህ ጉባኤው ውሳኔውን ከሜታፊዚክስ ቀዳው ማለት አስቸጋሪ ነው።

ትልቁን ሥራ የሠራው የ13ኛው ክፍለ ዘመን የካቶሊክ መምህር ቶማስ አኩዊናስ ነው፤ «ሱማ» በተባለው ትልቁ የነገረ መለኮት መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል፣ ከጥያቄ 75 እስከ 77። ሁለቱ ጥሰቶች የሚታዩትም እዚሁ ነው። አንደኛው፣ አርስቶትል በ«ምድቦች» ምዕራፍ 2 ጠባይ ካረፈበት ነገር ተለይቶ መኖር አይችልም ይላል፤ ቶማስ ግን የኅብስቱ ህላዌ ሄዶ ጠባያቱ ይቀራሉ ይላል። ሁለተኛው፣ ለአርስቶትል በማንኛውም ለውጥ ሥር የሚቀር አንድ ነገር አለ፤ እንጨት ሲቃጠል ቅርጹ ይቀየራል፣ ቁሱ ይቀጥላል። በቁርባን ግን መላው ህላዌ ወደ መላው ህላዌ ያልፋል፤ በሥሩ የሚቀር ቁስ የለም።

ታዲያ ጠባያቱ በምን ላይ ያርፋሉ? ቶማስ ሁሉም በየራሱ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ቀረ አይልም። መጠን (ርዝመቱ፣ ስፋቱ፣ ውፍረቱ) በእግዚአብሔር ኃይል ያለ ህላዌ ይቆማል፤ ቀለሙና ጣዕሙ ደግሞ በመጠኑ ላይ ያርፋሉ። ማስረጃው የመጀመሪያው ምክንያት ሁለተኛው ምክንያት የሚሠራውን ያለ እርሱ ሊሠራ ይችላል የሚል ነው። ይህ ሐሳብ የአርስቶትል አይደለም፤ ከግሪኩ ፈላስፋ ከፕሮክሉስ ተጨምቆ በዐረብኛ በኩል ወደ ላቲን የገባው «የምክንያቶች መጽሐፍ» መነሻ ነው። መጽሐፉ ለረጅም ጊዜ በአርስቶትል ስም ሲነበብ ኖሮ፣ የፕሮክሉስ መሆኑን የለየው ቶማስ ራሱ ነበር።

የመጠኑ መፍትሔ ለተግባር ጥያቄዎችም መልስ ይሰጣል። ሲቆረስ የሚቆረሰው መጠኑ ነው፤ የክርስቶስ ሥጋ አይከፈልም። ኅብስቱ ቢሻግት ወይም ወይኑ ቢሆመጥጥ መለኪያው አንድ ነው፤ ለውጡ ተራ ኅብስትን ኅብስት መሆኑን የሚያስቀር ያህል ከሆነ፣ የክርስቶስ ሥጋም ከዚያ በኋላ በዚያ አይኖርም። ደቅቆ ዱቄት ቢሆን፣ ወይም በጽዋው ላይ ብዙ ሌላ ፈሳሽ ቢጨመርበት ፍርዱ ያው ነው። አይጥ ብትበላውስ? መልኩ እስካልጠፋ ድረስ ሥጋው አለ ይላል ቶማስ፤ ብዙዎች ከዚህ ለመሸሽ ሞክረዋል፣ እርሱ አልሸሸም። በሺህ መሠዊያ ላይ በአንድ ጊዜ መገኘቱም አያስጨንቀውም፤ ሥጋው በቦታ እንደሚለካ አካል ስፋቱን ከቦታው ስፋት ጋር አስተካክሎ አልተቀመጠምና።

በኋላ ነገሩ ጠነከረ። በ1277 የፓሪሱ ጳጳስ ካወገዛቸው 219 አንቀጾች መካከል ጠባይ ያለ ህላዌ ሊኖር አይችልም የሚሉ ይገኙበታል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ኦክሃም መጠን ከህላዌ የተለየ ነገር አይደለም ሲል የቶማስን ምሰሶ ነካ፤ ለውጡን ግን አልካደም። ሌላው እንግሊዛዊ መምህር ዊክሊፍ ግን ጠባይ ብቻውን አይቆምም፣ ስለዚህ ኅብስቱ አለ ብሎ ደመደመ፤ የኮንስታንስ ጉባኤ በ1415 አወገዘው። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ወደ አርስቶትል ደንብ የሚቀርበው የተወገዘው ወገን ነው። የትሬንት ጉባኤም በ1551 «ጠባያት» የሚለውን የትምህርት ቤት ቃል ትቶ «መልክ» የሚለውን መረጠ።

በምሥራቅ መንገዱ ሌላ ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ የተበላ ኅብስት ተፈጭቶ ሥጋ እንደሚሆን ያነሣና፣ በመሠዊያው ላይ ግን በመብላት ሳይሆን በቃሉ ወዲያው ይለወጣል ይላል። ይህም የግሪክ ትምህርት ነው፤ ግን የሰውነትን ምግብ አጠቃቀም የሚመለከት እንጂ ህላዌና ጠባይን የሚለይ አይደለም። በእኛ ቅዳሴም ካህኑ መንፈስ ቅዱስ ወርዶ ኅብስቱን ሥጋ፣ ጽዋውን ደም እንዲያደርግ ይለምናል፤ ጠባያቱ በምን ላይ አረፉ የሚል ጥያቄ አይነሣም።

ራስሽ ማመሳከር ከፈለግሽ መጀመሪያ የ«ምድቦች»ን ምዕራፍ 2 እና 5 አንብቢ፤ ጥቂት ገጾች ናቸው። ከዚያ በቀጥታ ጥያቄ 75ን፣ ቀጥሎ 77ን። 76ን ለመጨረሻ አቆይው፤ ስለ ቦታ የሚናገረው ከ77 በኋላ ሲነበብ ይቀላል።