ባለቤቴ ለእንጨት ሥራ ጉባኤ ሦስት ቀን ሊሄድብኝ ነው

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖር የሁለት ልጆች ወላጆች ነን። እኔ ነርስ ነኝ፤ አብዛኛውን ጊዜ ማታ እሠራለሁ። ባለቤቴ በኮቪድ ጊዜ የጀመረው የእንጨት ሥራ ጋራዣችንን ሞልቶታል። አሁን ደግሞ ሌላ ስቴት በሚካሄድ የእንጨት ቶርኖ (እንጨት እያሽከረከሩ የሚቀርጹበት ማሽን) ጉባኤ ላይ ከዓርብ እስከ እሑድ እንደሚቆይ ነገረኝ፤ የነገረኝም ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ነው። ቅዳሜውን የእህቴ ልጅ ክርስትና አለ። ዘመድ ሁሉ «ባልሽስ?» ሲለኝ ምን ልበል? እናቴማ «ኢንጂነር ብለን የዳርንልሽ ሰውዬ አናጢ ሆኖ አረፈው» ትላለች። ስናገረው «እኔ እኮ አልጠጣም፣ አላመሽም» ይለኛል። ሌላ ሴት ይኖር ይሆን ብዬም አስቤአለሁ። ልከልክለው ወይስ አብሬው ልሂድ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ቆም ያደረገኝ «ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ» ያልሽው ነው። ማታ ለምትሠራ እናት ቅዳሜና እሑድ የጎደለ እንቅልፍ የሚሟላበት፣ ልጆቿን በብርሃን የምታይበት ጊዜ ነው። ባለቤትሽ ሳያማክርሽ የወሰነው በራሱ ሦስት ቀን ላይ ብቻ ሳይሆን በአንቺም ሦስት ቀን ላይ ነው። ስለዚህ ብትቀየሚ እውነት አለሽ። አለመጠጣቱ መልካም ነው፤ ላነሳሽው ጥያቄ ግን መልስ አይሆንም።

ስለ ሌላ ሴት ያሰብሽውን በተመለከተ፣ ከጻፍሽልኝ ነገር ውስጥ ወደዚያ የሚያመለክት አላገኘሁም። እንዲህ ያሉ ጉባኤዎች በአሜሪካ የተለመዱ ናቸው። የአገሪቱ የእንጨት ቶርኖ ባለሙያዎችና ወዳጆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1986 የተቋቋመ ሲሆን በየዓመቱ በተለያየ ከተማ ይሰበሰባል። ሰዉ ቀኑን ሙሉ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየሄደ ጎድጓዳ ሳህን እንዴት እንደሚቀረጽ፣ መሮ እንዴት እንደሚሳል ያያል፤ ከቤቱ ያመጣውን ሥራ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ አስተያየት ይቀበላል። ባለቤትሽ ጋራዥ ውስጥ ብቻውን የሚለፋበትን ነገር የሚረዱለት ሰዎች እዚያ አሉ። በስደት ኑሮ ከሥራና ከቤት ሌላ ምንም የሌለው ወንድ ብዙ ነው፤ እሱ አንድ ነገር ማግኘቱ በግሌ ያስደስተኛል።

እናትሽን በአክብሮት ዝም አሰኚልኝ። የእጅ ባለሙያን መናቅ በአገራችን የቆየ በሽታ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰዋል። ባልሽ በእናትሽ አፍ ሲናቅ አንቺ ዝም ካልሽ፣ የራስሽን ተገቢ ቅሬታ ስታነሺም «ሥራዬን ስለምትንቂው ነው» ይልሻል። ያኔ ክርክሩ መስመሩን ይስታል።

አንድ ጥናት ልንገርሽ። ሼሊ ጌብል የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመችው ሥራ ፍቅረኞች አንዱ የገጠመውን ደስታ ሲያወራ ሌላው እንዴት እንደሚቀበለው ተመልክታለች። በደስታ ጊዜ የሚሰጠው ምላሽ፣ በችግር ጊዜ ከሚሰጠው ድጋፍ በላይ የግንኙነቱን ጤንነት ያሳይ ነበር። ባለቤትሽ የቀረጸውን ይዞ ወደ ማዕድ ቤት ሲገባ ስልክሽን እያየሽ «ጥሩ ነው» ካልሽው፣ የሚያደንቁትን ሰዎች ፍለጋ ራቅ ብሎ መሄዱ አይቀርም። እስኪ ጠይቂው፦ እርጥብ እንጨት መጀመሪያ በሻካራው ተቀርጾ ለወራት የሚቀመጠው ለምንድን ነው? ሲደርቅ እንደሚጣመም፣ ከዚያ በኋላ ዳግመኛ ቶርኖ ላይ ወጥቶ እንደሚስተካከል ሲያስረዳሽ ፊቱን ተመልከቺ። እሱም በተራው ሥራ ቦታ የገጠመሽን ደስታ መጠየቅ አለበት፤ ይህንንም በግልጽ ንገሪው።

ለዘንድሮው ይሂድ። ተከፍሎበታል፤ ብትከለክይው ሦስቱን ቀን ቤት ተቀምጦ ያኮርፍሻል። ነገር ግን ልጆቹን ማን እንደሚይዝልሽ፣ አንቺ መቼ እንደምትተኚ ከመሄዱ በፊት እሱ ያመቻች። ለእህትሽም ራሱ ደውሎ ይቅርታ ይጠይቅ፤ እሱ መናገር ያለበትን አንቺ በዘመድ ፊት አትሸከሚለት። «ባልሽስ?» ለሚሉሽ «ለእንጨት ሥራ ጉባኤ ሄዷል» ይበቃል።

ልጆቹ ሲተኙ፣ ሁለታችሁም ሳትደክሙ አነጋግሪው። «ሁልጊዜ ትተኸኝ ትሄዳለህ» ካልሽው የሄደበትን ቀን መቁጠር ይጀምራል። ይልቅ እንዲህ በይው፦ «መሄድህን አልጠላሁም። ከከፈልክ በኋላ መስማቴ ግን እንደሌለሁ ያህል አስቆጠረኝ። ከአሁን በኋላ ከመመዝገብህ በፊት አብረን እንየው።» ለእንጨትና ለመሣሪያ በዓመት ስንት እንደሚወጣም ተስማሙ፤ ቶርኖ ከጥቂት መቶ ዶላር ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሊደርስ ይችላል። ገንዘቡን የሚደብቅሽ ወይም ያለበትን ቦታ የሚዋሽሽ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ሁለታችሁንም የሚያነጋግር የትዳር አማካሪ ያስፈልጋችኋል።

ሌላው፣ አንቺስ? በደብዳቤሽ ውስጥ ስለ ራስሽ የሚያስደስትሽ ነገር አንድም አልጻፍሽም። ከጓደኞችሽ ጋርም ይሁን ገዳም ተሳልመሽ፣ ወይም ሆቴል ገብተሽ ተኝተሽ፣ የአንቺ የሆኑ ሁለት ቀናት በቀን መቁጠሪያው ላይ ይጻፉ። የእሱ ቀጣይ ጉባኤ ከመመዝገቡ በፊት ይጻፉ።

አብሬው ልሂድ ወይ ላልሽው፣ ልትቆጣጠሪው ከሆነ አትሂጂ፤ ይታወቅበታል። ለሚቀጥለው ዓመት ግን እንድትመጪ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቂው። ከፈለገ፣ ቅዳሜውን ብቻ ልጆቹን ይዘሽ ሄደሽ የተደረደሩትን ሥራዎች ተመልከቱ፤ የእሱ የትኛው እንደሆነ ልጆቹ ይፈልጉት።