የሩዋንዳው ጎረቤት እንዴት ገዳይ ሆነ?

እ.ኤ.አ. በ1994 በሩዋንዳ በተፈጸመው የዘር ጭፍጨፋ ብዙ ሁቱዎች ቱትሲ ጎረቤቶቻቸውን ገደሉ። «አንድ ቋንቋ እየተናገሩ፣ አንድ ኮረብታ ላይ እየኖሩ እንዴት?» ለሚለው ጥያቄ፦ «የጥንት የጎሳ ጥላቻ ነው» የሚለውን ብዙ አንትሮፖሎጂስቶች አይቀበሉትም። ለእኔም አይዋጥልኝም። ሁቱና ቱትሲ ይጋቡ ነበር። ከብት ያፈራ ሁቱ ቱትሲ ሊባልም ይችል ነበር። ቅኝ ገዢዎቹ ቤልጅየሞች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የእያንዳንዱን ሰው ጎሳ መታወቂያ ላይ ጻፉትና ነገሩ ደረቀ። እ.ኤ.አ. በ1994 ኬላ ላይ የሁቱ ሚሊሺያው የሚጠይቀው ያንኑ ካርድ ነበር። «ቱትሲ» የሚል የተገኘበት አለቀለት። ሬዲዮው ደግሞ ቱትሲዎችን «በረሮ» ሲል ከርሟል። በእርግጥ በመንግሥትና በቱትሲ መራሹ አማፂ ቡድን መካከል የነበረው ጦርነትና የሥልጣን ሽኩቻው ባይኖሩ ካርድ ብቻውን ሰው አይገድልም።

መዘዙስ? ጋቻቻ የተባሉት የመንደር ሸንጎዎች እስከ እ.ኤ.አ. 2012 ድረስ ከ1 ሚሊዮን በላይ የጭፍጨፋ ጉዳዮች አዩ። ዳኛውም፣ ተከሳሹም፣ ምስክሩም የአንድ ሰፈር ሰው ስለሆነ ግን ፈርቶ አፉን የዘጋው ጥቂት አይደለም።