የቡካሬስት መልክ ከየት መጣ? ጥያቄና መልስ

ስለ ሮማኒያ ዋና ከተማ ስለ ቡካሬስት የቀረቡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ የሚያጠነጥኑ ናቸው፤ ይኸውም ከከተማዪቱ መልክ ምን ያህሉ የራሷ፣ ምን ያህሉስ ከውጭ የመጣ ነው የሚል ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስታውሼ በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ «ትንሿ ፓሪስ» የሚለው ስም በእርግጥ ይገባታል?

መልስ፦ በከፊል ይገባታል። ቡካሬስት በ1862 ከዋላኪያና ከሞልዳቪያ ግዛቶች የተዋሐደችው አገር መዲና ከሆነች በኋላ፣ በፓሪስ ተምረው የተመለሱት የባላባት ልጆች ከተማቸውን በዚያ ባዩት አምሳል ለመሥራት ተነሡ፤ መንግሥትም ትልልቆቹን ሥራዎች ለፈረንሣውያን አርክቴክቶች ሰጠ። በ1888 የተመረቀውን ባለ ጉልላት የሙዚቃ አዳራሽ፣ አቴኔዩምን፣ የነደፈው አልቤር ጋለሮን ነው፤ በ1900 የተጠናቀቀው የቁጠባ ባንክ ሕንፃ ደግሞ የፖል ጎተሮ ሥራ ነው። ቀጥ ያሉት ሰፋፊ ጎዳናዎችም የተቀደዱት የፓሪስን አርአያ በመከተል ነው። ይሁን እንጂ ከጎዳናው ጥቂት እርምጃ ወደ ውስጥ ሲገቡ መንገዱ መጠማዘዝ ይጀምራል፤ ቤቶቹም እያንዳንዳቸው በየግቢያቸው በዛፍ ተከልለው ይታያሉ። ነዋሪው ይህን የመሰለውን ሰፈር «ማሃላ» ይለዋል፤ ቃሉ የመጣው ከቱርክ ነው። እንግዲህ ከፓሪስ በፊት ሌላ መምህር እንደነበረ ቃሉ ራሱ ይናገራል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከፈረንሣይ በፊት የነበረው ተጽዕኖ የማን ነው?

መልስ፦ የኢስታንቡል ነው፤ የመጣው ግን በብዙ እጅ አልፎ ነው። ቡካሬስት ያለችበት የዋላኪያ ግዛት ለኦቶማን ቱርክ ትገብር ስለነበር፣ ከ1716 እስከ 1821 ድረስ ሱልጣኑ የሚሾምላት ገዢዎች አብዛኛውን ጊዜ ፋናሪዮት የሚባሉ የኢስታንቡል ግሪኮች ነበሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ የገዛው መስፍን ኮንስታንቲን ብራንኮቬያኑ በ1702 ከከተማዪቱ ወጣ ብሎ ያሠራው የሞጎሾዋያ ቤተ መንግሥት የቬኒስን ባለ ዓምድ ሰገነትና የምሥራቁን ጌጥ በአንድነት ይዟል።

በመሀል ከተማ አንድ ነገር ብቻ በቅርብ ለማየት የሚሻ ሰው፣ ግሪካዊው መነኩሴ ዮአኒኪዮስ በ1724 ያሠራትን የስታቭሮፖሌዎስን ቤተ ክርስቲያን ይመልከት። በደጀ ሰላሟ ያሉት የድንጋይ ዓምዶች ከላይ እስከ ታች በሐረግ ተፈልፍለዋል፤ በዓምዶቹ መካከል ያለው ዝቅተኛ የድንጋይ መከታም እንደ ጥልፍ ተቦርቡሮ ብርሃን ያሳልፋል። የእኛን አብያተ ክርስቲያናት ሐረግ እያየ ያደገ ሰው በዚያ ፊት ቆሞ ቶሎ መሄድ አይሆንለትም።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ማኑክ የተባለ አርመናዊ ባለጸጋ በ1808 ያስጨረሰው የሲራራ ነጋዴዎች ማረፊያ አለ። ግቢው ሰፊ ነው፤ ጋሪው በበሩ ይገባል፤ ዙሪያውን በእንጨት የተሠራ ባለ ቅስት ሰገነት ከብቦታል። በ1812 ሩሲያና ቱርክ የሰላም ውላቸውን የተደራደሩት በዚሁ ማረፊያ ነበር።

ጥያቄ፦ ሮማኒያውያን የራሳቸው የሚሉት የአሠራር ስልት የላቸውም ማለት ነው?

መልስ፦ አላቸው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ዮን ሚንኩ የተባለው አርክቴክት ፓሪስ ተምሮ ሲመለስ የተማረውን መልሶ ከመድገም ይልቅ የገበሬውን ቤት ሰገነት፣ የገዳማቱን ቅስትና የሸክላ ጌጥ ሰብስቦ «ኒዮ ሮማኒያን» የሚባለውን ስልት መሠረተ። በ1886 የሠራው የላሆቫሪ ቤት ለዚህ መነሻ ነው። ሚንኩ የሰበሰበው ጌጥ ራሱ ከቬኒስና ከኢስታንቡል የተቀዳ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ለእኔ ግን ይህ የሥራውን ዋጋ አይቀንሰውም። ሁለት መቶ ዓመት አብሮ የኖረ ጌጥ ባለቤቱ የኖረበት ሕዝብ ነው።

ጥያቄ፦ የሩሲያስ አሻራ የት ይታያል?

መልስ፦ ከድል አደባባይ ወደ ሰሜን በሚወስደው የኪሴሌፍ ጎዳና። ስሙ ከ1829 እስከ 1834 አገሪቱን ያስተዳደረው የሩሲያ ጄኔራል ስም ነው። በዚሁ መንገድ ላይ ሲጓዙ በመጀመሪያ ሚንኩ የሠራው ባለ እንጨት ሰገነት ምግብ ቤት፣ ቀጥሎ በ1936 የተመረቀው የፓሪሱን የመሰለ የድል ቅስት፣ በመጨረሻም በ1950ዎቹ የሞስኮን ረጃጅም ሕንፃዎች አምሳል ይዞ የቆመው የኅትመት ቤት ይገኛል። የከተማዪቱን ታሪክ በአንድ መንገድ ማሳየት ቢያስፈልግ የምመርጠው ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ አሜሪካስ?

መልስ፦ በ1933 የተጠናቀቀው የስልክ ኩባንያ ሕንፃ ብረት አጽም ያለውና ከ52 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ በኒው ዮርክ ስልት የተሠራ ነው።

ጥያቄ፦ የቻውሼስኩ ግዙፍ ቤተ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ የተቀዳ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ሐሳቡ ከዚያ ተነሣ ቢባል ስሕተት አይደለም። የኮሚኒስቱ ዘመን የሮማኒያ መሪ ኒኮላይ ቻውሼስኩ በ1971 ቻይናንና ሰሜን ኮሪያን ጎብኝቶ ሲመለስ የፒዮንግያንግ አደባባዮችና የሰልፍ ጎዳናዎች በልቡ ቀርተው ነበር። በመጋቢት 1977 ከ1,500 በላይ ሰዎችን የገደለው የመሬት መንቀጥቀጥ የድሮውን ሰፈር ለማፍረስ ምክንያት ሆነለት። የቤተ መንግሥቱ ግንባታ በ1984 በአርክቴክት አንካ ፔትሬስኩ መሪነት ተጀመረ፤ የወለሉ ስፋት 365,000 ካሬ ሜትር ነው። ከፊቱ የተዘረጋው ጎዳና ግን ከፓሪሱ ሻንዜሊዜ በጥቂቱ እንዲሰፋ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ፣ ፓሪስም እዚያው አለች።

እኔን የሚያሳዝነኝ የተቀዳው ሳይሆን ለመቅዳት ሲባል የጠፋው ነው። ዑራኑስ የሚባለው ኮረብታማ ሰፈር ሙሉ በሙሉ ፈረሰ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተነሡ፤ በፋናሪዮቶች ዘመን የተሠራው ታላቁ የቫካሬሽቲ ገዳምም አልተረፈም። ኤውጄኒዩ ዮርዳኬስኩ የተባለ መሐንዲስ ግን አብያተ ክርስቲያናትን ከነግድግዳቸው የሚያነሣበት ዘዴ አገኘ። ከሕንፃው ሥር እንደ ትሪ ያለ የኮንክሪት ወለል ያስገባል፤ ግድግዳውን ከመሠረቱ ቆርጦ በክሪክ ያነሣል፤ ከዚያም በሐዲድ ላይ ቀስ በቀስ ይገፋዋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራው የሚሃይ ቮዳ ቤተ ክርስቲያን በ1985 በዚህ መንገድ 289 ሜትር ተጓዘ።

ጥያቄ፦ ልጄ አርክቴክቸር እየተማረች ነው። ለአንድ ቀን ብቻ በቡካሬስት ብታልፍ የት ልትሂድ?

መልስ፦ ጠዋት ከማኑክ ማረፊያ ተነሥታ በእግሯ ወደ ስታቭሮፖሌዎስ ትሂድ፤ ከዚያ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የጎተሮ የቁጠባ ባንክ የመስታወት ጉልላት ይታያታል። ከሰዓት በኋላ የሚሃይ ቮዳን ቤተ ክርስቲያን ትፈልግ። ከመንገድ አይታይምና፣ በአፓርታማዎቹ መካከል ወደ ውስጥ ገብታ መጠየቅ ይኖርባታል።