የአባባ የሕይወት ታሪክና የአርባው ጸሎት

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ቤታችን አራት ኪሎ ነው። አባባ በ94 ዓመታቸው አረፉ። በ1943 ዓ.ም. ከመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጋር ኮርያ ዘምተዋል። ተመልሰው ሰባት ልጆች አሳደጉ፤ እማማን ክፉ ሲናገሯት አንድ ቀን አልሰማንም። አሁን አርባቸው ደርሷል። ታላቅ ወንድሜ የሕይወት ታሪካቸውን እየጻፈ ነው፤ ስንት ጠላት እንደጣሉ ሳይቀር ይግባ ባይ ነው። «እንዲህ ለአገርና ለቤተሰቡ የኖረ ሰው ጽድቁን ይዞ ሄዷል፣ ፍትሐቱ ለወጉ ያህል ነው» ይላል። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። አባባ ስለ ኮርያ ሲጠየቁ የሚያወሩት ስለ ብርዱ ብቻ ነበር። የሰው ደም ካለባቸው ጸሎቱ ይደርስላቸዋል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እናትሽንም ያጽናልን። «ዕድሜ ጠግበው ነው የሞቱት፣ ምን ያስለቅሳል» የሚሏችሁን አትስሙ። 94 ዓመት የኖረ አባትም አባት ነው። አልቅሱ።

ስለ አርባው ሥርዓት ታውቂዋለሽ፤ እሱን አልደግምም። አንቺና ወንድምሽ የተለያያችሁ ትመስላላችሁ እንጂ የያዛችሁት ሐሳብ አንድ ነው። እሱ «ሥራቸው መልካም ነው፣ ጸሎት ምን ያደርግላቸዋል» ይላል። አንቺ «ደም ካለባቸው ጸሎት ምን ይጠቅማቸዋል» ብለሽ ትፈሪያለሽ። ሁለታችሁም ፍትሐትን የሥራ ማመልከቻ አድርጋችሁታል፤ ታሪኩ ካማረ ይቀጠራሉ፣ ካላማረ ይመለሳሉ። በየለቅሶ ቤቱ የሚገጥመኝ ይኸው ነው።

የሕይወት ታሪክ መነበቡን አልቃወምም፤ ደግ ልማድ ነው። ግን ስንቱን ሰማን! «ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ» ብሎ ይጀምርና «ሰው አክባሪና ቤተሰባቸውን ወዳድ ነበሩ» ብሎ ያበቃል። ስሙን ብቻ ቀይረሽ ለማንም ማንበብ ትችያለሽ። ከዚያ ካህኑ ጠጋ ብለው «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» ሲሉ ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ አክስቱ ጋ ይደውላል። ሦስት ገጽ የጻፈው ልጅ፣ ቤተ ክርስቲያን አባቱን የምትጠራበትን ስም አያውቀውም። በጸሎቱ ላይ መቶ አለቃ አይባልም፣ ኒሻንም አይቆጠርም። «ባርያህ እገሌ» ይባላል፤ ከዚያ ምሕረት ይለመናል።

ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ሄኔሲፎሩ የጻፈውን ለወንድምሽ አንብቢለት (2ኛ ጢሞ. 1፥16-18)። ሰውየው ደግ ነበር። በጳውሎስ የእስር ሰንሰለት አላፈረም፤ ሮም ድረስ ሄዶ ፈልጎ አገኘው። ሐዋርያው ይህን ሁሉ ከዘረዘረ በኋላ «ጽድቁን ይዞ ሄዷል» አላለም። በዚያን ቀን ከጌታ ምሕረትን ያገኝ ዘንድ ለመነለት። መልካም ሥራውን የሚያውቅለት ሰው ነው የለመነለት። እናንተም ሰባት ልጆች ያሳደጉበትን ድካም የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ከእናንተ በላይ ማን ይለምንላቸው?

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ወታደሮች መጥምቁ ዮሐንስን «እኛስ ምን እናድርግ?» ብለው ጠይቀውታል (ሉቃ. 3፥14)። ግፍ አትሥሩ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው እንጂ ውትድርናውን ተዉ አላላቸውም። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ቅዱስ ባስልዮስም አባቶች በጦርነት የገደሉ ወታደሮችን ከነፍሰ ገዳይ ጋር እንዳልቆጠሯቸው ጽፏል። ሆኖም እጃቸው ንጹሕ አይደለምና ለሦስት ዓመት ከቁርባን ቢታቀቡ ጥሩ ነው ብሎ መክሯል። ሁለቱን አብረሽ ያዢ። ወንጀለኛ አላላቸውም። ምንም አልሆነም ብሎም አላለፈውም። ዳዊት ብዙ ደም በማፍሰሱ ቤተ መቅደስ እንዳይሠራ ተከልክሏል፤ ግን «ከደም አድነኝ» ያለውን የእርሱን መዝሙር ዛሬም እንጸልይበታለን።

አባትሽ ስለ ብርዱ ብቻ ያወሩ የነበሩት ሌላውን ስለረሱት አይመስለኝም። የቀረውን ለነፍስ አባታቸው ነግረውት ሊሆን ይችላል። ያ ከሆነ ነገሩ እዚያው አልቋል፤ አንቺ አትቆፍሪው። ወንድምሽም ንስሐ የተገባበትን ነገር ድንኳን ውስጥ በድምፅ ማጉያ አያውጀው። በዚህ ላይ ጠንከር እላለሁ፤ የጣሏቸው ሰዎች ቁጥር ከታሪኩ ይውጣ። እነዚያም እናት ነበራቸው።

ዘመቻው ግን ይጻፍ። ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ኮርያ ሄደው ከ120 በላይ እንደወደቁ፣ አንድም ምርኮኛ እንዳላስያዙ ይነበብ። እውነት ነው፣ ያኮራልም። አፍንጮ በር ያለውን የኮርያ ዘማቾች መታሰቢያ የልጅ ልጆቻቸው አይተውት ያውቃሉ? ካላዩት አንድ ቀን ውሰዷቸው። የቤታቸውም ነገር በዝርዝር ይግባ። «ቤተሰባቸውን ወዳድ» አይበቃም። ጠዋት ማንን ቀስቅሰው ትምህርት ቤት ያደርሱ ነበር? ደመወዝ ሲቀበሉ መጀመሪያ ምን ይገዙ ነበር? እናትሽን ጠይቂያት፤ ወንድምሽ የማያውቀውን ትነግርሻለች። የክርስትና ስማቸውንም ያን ጊዜ ከእሷ ተቀበይ።

እግረ መንገድሽን እዚያው ኮርያ ስለቀሩ ጓደኞቻቸው ጠይቂያት። ስማቸውን የምታስታውሳቸው ካሉ ከአባትሽ ስም ሥር ጽፈሽ ለካህናቱ ስጪ፤ አብረው ይታሰቡ። ከእነዚያ ውስጥ ሳያገቡ፣ ሳይወልዱ የቀሩ አሉ፤ አርባ የሚያወጣላቸው ልጅ የላቸውም። ወረቀቱ ከዋዜማው ይድረስ፤ ቅዳሴ ከተገባ በኋላ ይምታታል። የሕይወት ታሪኩ ከጸሎቱ በኋላ፣ ሰው ቁጭ ሲል ይነበብ፤ ከአንድ ገጽ አይለፍ። ወንድምሽ እምቢ ካለ እኔ ጋ ይዘሽው ነይ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አለሁ።