የነዳጅ ዋጋን ለመተንበይ ለምትነሡ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

የነዳጅ ዋጋን በማጥናትና በመተንበይ ረጅም ዘመን የሠራሁ ሰው ነኝና፣ በስታቲስቲክስና በኢኮኖሚክስ ተመርቃችሁ ወደዚሁ ሙያ ለምትገቡት አንድ ነገር ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ሁለት ዋጋዎችን በአንድ ሞዴል ከማገናኘታችሁ በፊት፣ በገበያው ውስጥ ያገናኛቸው ነገር ምን እንደ ሆነ ጠይቃችሁ እወቁ።

ሮበርት ኤንግልና ክላይቭ ግሬንጀር እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት ያብራሩት፣ ግሬንጀርም በ2003 የኖቤል ሽልማት ያገኘበት የኮኢንተግሬሽን ሐሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ዋጋ ለብቻው ሲታይ የሚመለስበት ቋሚ ቦታ የለውም፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ከልክ በላይ ሲሰፋ አንዱ ወይም ሁለቱም ተንቀሳቅሰው ያጠቡታል። ልዩነቱ በየሳምንቱ በአሥር በመቶ የሚጠብ ከሆነ፣ ግማሹ ለመዘጋት ከስድስት እስከ ሰባት ሳምንት ይወስዳል ማለት ነው። ነዳጅ ለሚገዛ ሰው ይህ ቁጥር ትልቅ ዋጋ አለው። ነገር ግን ምንም ግንኙነት የሌላቸው ሁለት ተንከራታች ቁጥሮች እንኳ በሪግሬሽን፣ ማለትም አንዱን ቁጥር ከሌላው በሚገምት ስሌት፣ ሲታዩ የተዛመዱ ሊመስሉ እንደሚችሉ ግሬንጀርና ፖል ኒውቦልድ በ1974 አሳይተዋልና፣ የሪግሬሽኑን ቀሪ፣ ማለትም ስሌቱ ሳይገልጸው የቀረውን ልዩነት፣ ሳትፈትሹ ውጤቱን አትመኑ። ስትፈትሹም ለዚሁ ፈተና የተዘጋጀውን የመቁረጫ ቁጥሮች ሠንጠረዥ ተጠቀሙ፤ ቀሪው ራሱ በግምት የተገኘ ስለ ሆነ የተለመደው ሠንጠረዥ ያሳስታችኋል።

እኔ ይህን ሁሉ በሚገባ ፈትሼ ነበር የተሳሳትሁት። ብሬንት የሚባለው የሰሜን ባሕር ድፍድፍ ነዳጅና ደብልዩ ቲ አይ የሚባለው የአሜሪካ ድፍድፍ ለብዙ ዓመታት ተቀራርበው ኖረዋል፤ የአሜሪካው አብዛኛውን ጊዜ በበርሜል በአንድ ወይም በሁለት ዶላር ይበልጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ብሬንት በብዙ ሲበልጥ፣ ሞዴሌ ልዩነቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይዘጋል አለኝ፤ እኔም ግዢው በብሬንት ዋጋ ለታሰረው ክፍል ጥቂት እንዲታገሥ ነገርሁት። ሰኞ በመጣ ቁጥር ግድግዳዬ ላይ በለጠፍሁት ወረቀት በእርሳስ የማሰምረው የትንበያ መስመር ወደ ታች ይታጠፋል፤ እውነተኛው ልዩነት ደግሞ ከመስመሩ በላይ ይወጣል። በዚያው ዓመት ልዩነቱ ከ20 ዶላር አለፈ። እኔን አምነው የጠበቁት ሰዎች በውድ ገዙ፤ ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ምክንያቱ ከኮምፒውተሬ ውጭ ነበር። ደብልዩ ቲ አይ የሚረከበው ኦክላሆማ ውስጥ ኩሺንግ በምትባል፣ ከባሕር ርቃ በምትገኝ ከተማ ነው። ከካናዳና ከሰሜን ዳኮታ የሚወርደው ነዳጅ ሲበዛ የኩሺንግ ታንኮች ሞሉ፤ ሲዌይ የተባለው የቧንቧ መስመር ደግሞ ነዳጅ የሚያመጣው ከባሕር ዳርቻው ወደ ኩሺንግ ስለ ነበረ መውጫ አልነበረም። ብሬንት በበኩሉ የሊቢያ ጦርነት ባጎደለው የዓለም አቅርቦት ምክንያት ተወደደ። ሁለቱን ዋጋ አቀራርቦ ያቆየው የነዳጁ መተላለፍ ስለ ነበረ፣ መተላለፉ ሲታነቅ ግንኙነቱም ላላ። የሲዌይ ፍሰት ወደ ባሕር የተገለበጠው በግንቦት 2012 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ አሜሪካ ድፍድፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ የጣለችውን ክልከላ ያነሣችው ደግሞ በ2015 መጨረሻ ነው።

እንዲህ ያለው ሞዴል ሚዛኑ፣ ማለትም ዋጋዎቹ የሚመለሱበት የተለመደ ልዩነት፣ ከቦታው ሲነሣ ወደ አሮጌው ቦታ መጎተቱን አይተውም። ስለዚህ የስህተታችሁን መጠን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫውንም መዝግቡ፤ አራትና አምስት ሳምንት በተከታታይ በአንድ ወገን ከተሳሳታችሁ ሥራውን አቁማችሁ ገበያውን ጠይቁ። ትንበያችሁንም ሁልጊዜ «የመጪው ሳምንት ዋጋ የዛሬው ነው» ከሚለው ቀላል ግምት ጋር፣ ሞዴሉ ባላየው መረጃ ላይ አወዳድሩ። በአገራችን የናፍጣና የቤንዚን የችርቻሮ ዋጋ ላይ ለምትሠሩ ደግሞ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋችኋል፤ ዋጋውን የሚወስነው መንግሥት ስለ ሆነ ባለበት ቆይቶ በአንድ ሌሊት ይዘላልና፣ በየሳምንቱ ቀስ እያለ የሚታረም አድርጎ የሚያስብ ሞዴል አይስማማውም።

እኔ ከዚያ ወዲህ ከዋጋዎቹ ሠንጠረዥ ጎን አንድ ዓምድ ጨምሬ፣ የአሜሪካ የኢነርጂ መረጃ አስተዳደር ብዙውን ጊዜ ረቡዕ ረቡዕ የሚያወጣውን የኩሺንግ ክምችት መጠን እጽፍበታለሁ፤ ትንበያውን የማስኬደው እርሱን ካነበብሁ በኋላ ነው።